ሜዳ ላይ የምትበር፣ ዳገት ላይ የምትለምን፦ ያገለገለች የናፍጣ ፒክአፕ ከመገዛቷ በፊት እንዴት ተፈተሸች

መነሻው

ጋራዥ ስትውል አንድ ነገር ደጋግመህ ታያለህ። ገዢ ያገለገለ የናፍጣ መኪና ሊያይ ይሄዳል። ሻጩ በሩ ላይ ያስነሳለታል፣ እንደቆመች ሁለት ሦስቴ ይረግጥለታል፣ ደላላው "ምንም አትልም፣ ነድቶ መሄድ ብቻ ነው" ይላል፣ ቀብድ ይቆጠራል። ብዙም ሳይቆይ መኪናዋ እኛ ጋ ትመጣለች። ይቺኛዋ ግን የመጣችው ከመገዛቷ በፊት ነው። ችግሯም ሜዳ ላይ ጨርሶ የማይታይ ዓይነት ስለነበር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ልጽፋት ፈለግሁ። የሰዎቹን ስምና ሥራው የተሠራበትን ቦታ ትቼዋለሁ።

ገዢው መቂ አካባቢ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያመርቱ፣ በዕድሜ ጠና ያሉ ሰው ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። የፈለጉት ማዳበሪያና የውሃ ፓምፕ ጭና እርሻው ድረስ የምትገባ፣ አልፎ አልፎም ምርት ይዛ አዲስ አበባ የምትመጣ ፒክአፕ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ መኪና በስተቀር የቤት አውቶሞቢል እንዳይገባ ካገደ ወዲህ ያገለገለ መኪና የያዘ ሁሉ ኮርቷል፤ ዋጋ ቀንስ ስትለው "ሌላ ገዢ እየጠበቀኝ ነው" ይልሃል። ጋሼ የያዙት ብር ደግሞ የሽንኩርት ብር ነው። "ልጄ፣ ዓይንህን ጣልባት" ሲሉኝ የምር ነበር።

መኪናዋ

ቶዮታ ሃይሉክስ፣ ባለ ሁለት ጋቢና፣ በፈረንጅ አቆጣጠር የ2012 ሞዴል፣ ማንዋል ካምቢዮ። ሞተሯ ባለ 2.5 ሊትር ዲፎርዲ ነው፤ እኛ "ቱ ኬዲ" የምንለው። አራት ሲሊንደር፣ 2,494 ሲሲ፣ ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ) አለው፣ ነዳጅ የሚረጨውም በኮመን ሬል አሠራር ነው። ማለትም አንድ ፓምፕ ናፍጣውን በከፍተኛ ግፊት ወደ አንድ ወፍራም ቱቦ ይሞላል፣ አራቱ ኢንጀክተሮች ሁሉም ከዚያ ይቀዳሉ፣ መቼና ምን ያህል እንደሚረጩ ኮምፒውተር ያዝዛቸዋል። ግፊቱ በዝግታ ሲዞር 300 ባር አካባቢ ነው፣ ሸክም ሲመጣ ግን ከ1,000 ባር በላይ ይወጣል። ይህን የግፊት ነገር ያዙት፣ ኋላ እንመለስበታለን።

ስለ ጉልበቱ አንድ ነገር ልበል። ይህ ሞተር በተለያየ አቅም ነው የወጣው። ኢንተርኩለር (የቱርቦውን አየር የሚያቀዘቅዝ) የሌለው፣ የኛዋ ላይ ያለው ዓይነት፣ 102 የፈረስ ጉልበት አለው፤ የመጎተት ኃይሉ 260 ኒውተን ሜትር ነው፤ ይህም የሚገኘው በደቂቃ ከ1,600 እስከ 2,400 ዙር መሃል ነው። ስለዚህ ባለ 3.0 ሊትሯን የነዳ ሰው ይቺን ሲነዳ "ሞታለች" ቢል አልፈርድበትም፣ ግን ስህተት ነው። የምትለካው ከራሷ አቅም አንጻር ነው።

ሊብሬውና የሻንሲ ቁጥሩ ገጥመዋል። ኪሎ ሜትሩ ከ140 ሺህ በታች ይላል። የፍሬን ፔዳሉ ጎማ ግን ተልጦ ብረቱ ሊታይ ደርሷል፣ የማርሹ እጀታ ላይ የነበረው ቁጥርም ጠፍቷል። ቆጣሪውን ማን እንደነካው አልጠየቅንም። ቆጣሪውን ግን ከዚያ በኋላ ማስረጃ ብለን አልቆጠርነውም።

ሜዳው ላይ

መኪናዋ ጋ ስንደርስ መጀመሪያ ያደረግሁት እጄን ኮፈኑ ላይ ማሳረፍ ነው። ይፋጃል። ደላላው "ዛሬ ገና አልተነሳችም" ብሎናል። የራዲያተሩን የላይኛውን የጎማ ቱቦ ስነካው ጠንክሮ ቆሟል። እንግዲህ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሠርታለች ማለት ነው። ይህ ብቻውን ወንጀል አይደለም፣ ሆኖም የናፍጣ ሞተር ጠዋት በብርድ ሲነሳ የሚናገረውን ሁሉ ቀድመው አስጨርሰውታል።

ጋሼ ራሳቸው ነዱ። ቀለበት መንገድ ላይ አራተኛና አምስተኛ ማርሽ፣ ባዶ መኪና፣ ለስላሳ አስፋልት። እውነት ለመናገር ምንም የሚያስከፋ ነገር አልነበረም። መሪው ቀጥ ያለ ነው፣ ማርሽ በደንብ ይገባል፣ ጢስ የለም፣ ክሩስኮቱ (ከመሪው ፊት ያለው የመለኪያ ሰሌዳ) ላይ የበራ መብራት የለም።

"ልጄ፣ ይቺ እኮ ትበራለች" አሉኝ።

"ጋሼ፣ ባዶዋን ነው የነዱት፣ መንገዱም ሜዳ ነው" አልኳቸው።

ሁለት ነገር ጠየቅን። አንደኛ፣ መኪናዋ ታድራና ጠዋት እኛ በተገኘንበት ትነሳ። ሁለተኛ፣ ጭነን እንጦጦን እንውጣ። ደላላው ተቆጣ። "ወንድሜ፣ መኪና ልትገዙ ነው ወይስ ልታፈርሱ?" አለ። ሻጩ ግን፣ ምስጋና ይግባውና፣ እሱ ከጎን እስከተቀመጠ ድረስ እንደማይከፋው ነገረን። በነገራችን ላይ ሻጩ አታላይ አልመሰለኝም። እሱም ገዝቶ ከያዛት ብዙ አልቆየም፤ ከከተማ ወጥቶ ጭነት አስነክቷት እንኳ አያውቅም።

ጠዋት

ወሩ ኅዳር ነበር፣ ብርዱ ደህና አድርጎ ይይዛል። ኮፈኑ ቀዝቃዛ መሆኑን አየን። ከማስነሳት በፊት የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዘዝኩ፤ ዘይቱ ከላይኛው ምልክት አላለፈም፣ ናፍጣ ናፍጣም አይሸትም። ይህን የማየው የዚህ ሞተር የኢንጀክተር መመለሻ ቱቦ በቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ክዳን ሥር ስለሆነ ነው። እዚያ ውስጥ ናፍጣ ቢያፈስ የሚሄደው ወደ ዘይቱ ነው፣ ውጭ ላይ አንዲት ጠብታ አታይም። የራዲያተሩ ውሃም ሙሉ ነው፣ ዘይት አልተንሳፈፈበትም።

ቁልፉን ከፍተን የካንዴላው (ሞተሩ እንዲነሳ የሚያሞቀው) መብራት እስኪጠፋ ጠበቅን። በመጀመሪያው ሙከራ ተነሳች። ትንሽ ነጭ ጢስ ወጣ፣ ኳኳታዋም ከፍ አለ፣ ሞቅ ሲላት ሁለቱም ጠፉ። እዚህ ከፍታና በዚህ ብርድ ይህን ያህሉ ጤና ነው። ከሞቀችም በኋላ የማያቆም ነጭ ጢስ ቢሆንና ውሃዋም ቢጎድል ጓርኒሲዮን (የቴስታታውን ማሸጊያ) እጠረጥር ነበር። ሰማያዊ ጢስ ቢሆን ዘይት ነው።

ስትሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ፈታሁት። ክዳኑ ቦታው ላይ ተኝቶ ትንሽ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፣ አይዘልም። ፒስቶኖቹ አካባቢ የሚያመልጠው ጋዝ መጠነኛ ነው ማለት ነው። የኔ ግምት እዚህ ላይ "ዋናው አካል ደህና ነው" የሚል ነበር፣ ኋላም አልተለወጠም።

እንጦጦ

ከሲሚንቶ መጋዘን 12 ከረጢት ጫንን፣ ስድስት ኩንታል ማለት ነው። ሦስት ሰው ከውስጥ።

ለምን ጭነት? የናፍጣ ሞተር ባዶ ሲሆን የሚጠጣው ነዳጅ ጥቂት ነው። ቆማ ስትረገጥም ዙሩ ወደ ላይ ይወጣል እንጂ የሚገፋው ነገር ስለሌለው ፓምፑም፣ ፊልትሮውም፣ ቱርቦውም አይፈተኑም። ዳገት ላይ፣ ተጭና፣ ነዳጅ መስጫው መሬት ድረስ ተረግጦ ለደቂቃዎች ሲቆይ ነው ሁሉም በአንድ ጊዜ አቅማቸውን የሚጠየቁት። ከፍታውም ይጨምርበታል። አዲስ አበባ 2,300 ሜትርን ያለፈች ከተማ ናት፣ የአየሩ ግፊት የባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። እንጦጦ ላይ ከዚያም ይሳሳል። ውሃ እንኳ አዲስ አበባ ላይ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ የራዲያተር ክዳን ላላ ያለ መኪና እዚህ የሚንተከተከውም ለዚህ ነው።

ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ ስንጀምር ሦስተኛ ማርሽ፣ 1,800 ዙር፣ ሙሉ ነዳጅ። መጀመሪያ ጎተተች። ቱርቦው ሲነፍስ ይሰማል፣ ወንበሩ ከኋላ ይገፋል። ከዚያ መንገዱ እየቆመ ሲሄድ ግን አንድ ነገር ተለወጠ። ነዳጅ መስጫው ወለሉ ላይ ነው፣ ዙሩ ግን ይወርዳል፣ ደግሞ ትንሽ ይመለሳል፣ ደግሞ ይወርዳል። መለመን ጀመረች። በመስታወት ወደ ኋላ አየሁ፤ ምንም ጢስ የለም። ከፊል ስለቅላት ተረጋጋች፣ ሙሉ ስረግጣት እንደገና ትንፏቀቃለች። በሁለተኛ ማርሽ ጨረስነው። ላይ ሜዳው ላይ ስንወጣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሆነች።

የሙቀት መለኪያው ከመሃል ንቅንቅ አላለም። ፍሪሲዮኑም አልተንሸራተተም፤ ቢንሸራተት ዙሩ ወጥቶ መኪናዋ በቀረች ነበር፣ የኛ ግን ዙሩ ራሱ ነው የወደቀው።

"ከፍታው ነው፣ እንጦጦ ላይ ሁሉም ይደክማል" አለ ሻጩ። ቱርቦ ለሌላቸው ለድሮዎቹ ባለ 5ኤል ሞተር ሃይሉክሶች ይህ ልክ ነው፤ እነሱ እዚህ ጥቁር እየተፉ ነው የሚወጡት። ቱርቦ ያለው ግን የጎደለውን አየር አብዛኛውን ይተካዋል። ደግሞም ከፍታ ቢሆን ጉልበቷ ከታች እስከ ላይ እኩል ነበር የሚቀንሰው። ከፊል ሲረገጥ ደህና፣ ሙሉ ሲረገጥ ልመና፣ ይህ የከፍታ ጠባይ አይደለም።

ምን ተሞከረ

እዚህ ላይ አስተያየቱ በዛ። ደላላው የጠራው አንድ መካኒክ ሁለት ጊዜ ቆማ ረገጣት፣ በጆሮው አዳመጠና "ቱርቦው አልቋል" ብሎ ፈረደ። ጋሼ ደነገጡ፣ ቱርቦ መቀየር ቀላል ወጪ አይደለም። እኔ ግን የጢሱ ነገር አልዋጠልኝም። ቱርቦው ወይም የአየር ቱቦው ጎማ አየር ቢያሳጣት ኖሮ ነዳጁ ሳይነድ ስለሚቀር ጥቁር ጢስ በታየ ነበር። ጢስ የለም፣ ጉልበት የለም፤ ይህ የሚያሳየው የተራበችው አየር ሳይሆን ናፍጣ መሆኑን ነው። ለማረጋገጥ የአየር መግቢያውን ጎማ ፈትቼ የቱርቦውን ዘንግ በጣቴ ወዘወዝኩት፤ አይላወስም፣ ክንፎቹ ጠርዙን አልነኩም፣ ዘይትም አላፈሰሰም። የአየር ፊልትሮው አቧራ ነበረው እንጂ አልተዘጋም።

ኮምፒውተር አስነበብን። ምንም የጥፋት ኮድ የለም። ሻጩ ደስ አለው፣ ደላላው "ይኸው" አለ። የቆመች መኪና ኮድ አለማሳየቷ ግን ጤነኛ ናት ማለት አይደለም፤ ኮምፒውተሩ ኮድ የሚመዘግበው ነገሩ ከወሰን አልፎ ሲቆይ ነው። የጠቀመን መሣሪያውን እንደሰካን ዳገቱን መድገም ነው። አንዱ ሲነዳ ሌላው ሁለት ቁጥር ብቻ ያያል፤ ኮምፒውተሩ የሚፈልገውን የነዳጅ ግፊትና በእርግጥ ያለውን ግፊት። ሜዳ ላይ ሁለቱ ተያይዘው ይሄዳሉ። ዳገቱ ላይ ሙሉ ሲረገጥ የሚፈለገው ወደ ላይ ይሮጣል፣ ያለው ግን መንገድ ላይ ይቀራል። መለመን የጀመረችበት ሰዓትና ሁለቱ ቁጥሮች የተለያዩበት ሰዓት አንድ ነው። ከዚህ በኋላ ማንም ስለ ቱርቦ አላወራም።

ከርካሹ ጀመርን። የናፍጣ ፊልትሮው ሥር ያለውን የውሃ ማፍሰሻ በብርጭቆ ላይ ከፈትኩት። መጀመሪያ ውሃ ወጣ፣ ቀጥሎ ቡናማ ዝቃጭ፣ ከዚያ ናፍጣ። ብርጭቆው ሥር ላይ ውሃው ለብቻው ተለይቶ ተኝቷል። እዚያው ፊልትሮው ሥር ውሃ ሲበዛ መብራት የሚያበራው ሴንሰር አለ፤ ሶኬቱ ተነቅሎ በሽቦ ታስሯል። ክሩስኮቱ ንጹሕ የነበረው ለካ በዚህ ነው። ጎተራ ውስጥ በበርሜል የተቀመጠ ናፍጣ ስትጠጣ የኖረች ናት ብዬ ገመትኩ፤ ሻጩም ከሱ በፊት ገጠር ፕሮጀክት ላይ እንደነበረች አረጋገጠልን።

ፊልትሮው ተቀየረና ዳገቱ ተደገመ። ልዩነቱ ትልቅ ነበር። ሦስተኛ ማርሽ እስከ ላይ ያዘች፣ ልመናው ቀረ። ጋሼ "አለቀ በቃ" አሉ።

አላለቀም። ላይ አጥፍተናት ቆየንና ስናስነሳት ሞተሪኖው (ማስነሻው) ከልክ በላይ ዞረ። ስትቀዘቅዝ ቶሎ የምትነሳ፣ ስትሞቅ የምታስለምን። ኮመን ሬል ላይ ይህ የታወቀ ምልክት ነው። ሞተሪኖው ሲያዞር ፓምፑ ግፊቱን እስኪሞላ አንዱ ኢንጀክተር ወደ መመለሻው ያፈስሰዋል፤ ናፍጣ ሲሞቅ ስለሚቀጥን ማፍሰሱ ይብሳል። መሣሪያው ላይ ለየሲሊንደሩ ኮምፒውተሩ የሚያደርገውን የነዳጅ ማስተካከያ አየን። ሦስቱ ተቀራራቢ ናቸው፣ የሁለተኛው ሲሊንደር ግን ከሁሉም ርቋል።

ውሳኔውና ከዚያ በኋላ

ለጋሼ የነገርኳቸው ይህን ነው። ሞተሩ ደህና ነው፣ ቱርቦው ደህና ነው፣ የነዳጅ ሥርዓቱ ግን ቆሽሿል። ቢያንስ አንድ ኢንጀክተር ይፈልጋል፣ ሌሎቹም መፈተሽ አለባቸው፣ ታንከሩም መውረድ አለበት። ይህን በዋጋ ካስቀነሱ ይግዙ፣ ካልሆነ ይተዉት። ሻጩ ሁለቱን ቁጥሮች በዓይኑ ስላየ ክርክሩ አጭር ሆነ፤ የሥራውን ወጪ የሚሸፍን ያህል ቀነሰ። ደላላው ኮሚሽኑ ስለቀነሰበት አኮረፈ።

ከተገዛች በኋላ አራቱም ኢንጀክተሮች ወርደው ፓምፕ ቤት (የናፍጣ ፓምፕና ኢንጀክተር የሚሠራበት) ማሽን ላይ ተፈተሹ። የሁለተኛው በግልጽ ያፈስሳል፣ ሦስተኛው ጠርዝ ላይ ነው፣ ሁለቱ ደህና ናቸው። ሁለት አዲስ ተገዛ። የቴስታታው ክዳን ስለተከፈተ ከኢንጀክተሮቹ ሥር ያሉት የመዳብ ዋሸሮች ሁሉም ተቀየሩ፤ እነሱ ሲለቁ የሚቃጠለው ጋዝ ወደ ዘይቱ ገብቶ እንደ ሬንጅ ያደርገዋል፣ የዘይት መምጠጫው ወንፊት ከተደፈነ ደግሞ ሞተሩ ዘይት አጥቶ ያልቃል።

እዚህ አንድ ነገር አልሠራም። አዲሶቹ ተገጥመው ስትነሳ መኪናዋ በዝግታ ዙር ላይ ትንቀጠቀጥ ነበር፣ ከበፊቱም የባሰች መሰለች። ምክንያቱ እያንዳንዱ ኢንጀክተር ላይ የተጻፈው ረጅም የፊደልና የቁጥር መለያ ኮምፒውተሩ ውስጥ አለመግባቱ ነው። ኮምፒውተሩ የአሮጌውን ጠባይ ይዞ ለአዲሱ ያዛል። መለያው ሲገባ ወዲያው ተረጋጋች። ብዙ ሰው እዚህ ደረጃ ላይ "የተሸጠልኝ ኢንጀክተር ፎርጅድ ነው" ብሎ ይጣላል።

ታንከሩ ሲወርድ ሥሩ ላይ ዝገትና ዝቃጭ ተገኘ። ሳይታጠብ ቢቀር አዲሶቹም ኢንጀክተሮች ዕድሜ አይኖራቸውም ነበር። የሴንሰሩ ሶኬትም ተመለሰ።

ለሌላ መኪናም የሚሆነው

ለሙከራ ስትሄድ ቀድመህ "አታስነሱልኝ" በል፣ ስትደርስ ኮፈኑን ንካ። ሞቆ ካገኘኸው ሌላ ጠዋት ቀጠሮ ያዝ። የሞቀውንም ግን ተጠቀምበት፤ ከነዳህ በኋላ አጥፍተህ ጥቂት ጠብቅና እንደገና አስነሳ። በብርድ መነሳትና በሙቀት መነሳት የተለያየ በሽታ ያሳያሉ።

ዳገት ፈልግ፣ ጫን። ጭነት ካላገኘህ ሰው ሙላ። ዳገት ከሌለ ደግሞ ሜዳ ላይ በአራተኛ ማርሽ ከ1,500 ዙር ሙሉ ረግጠህ ወደ 3,000 እስክትደርስ ለስላሳ መውጣቷን እይ። ማርሽ ወደ ታች ሳትመልስ፤ ነጥቡ ፍጥነት አይደለም። ይህ የዳገቱን ያህል ባይሆንም ከበር ላይ ርገጣ በብዙ ይሻላል።

ጉልበት ከጎደለ ማንም ብይን ከመስጠቱ በፊት መስታወት ተመልከት። ጥቁር ጢስ ካለ ወደ አየሩ ሂድ፦ ፊልትሮ፣ የቱርቦ ጎማ፣ ቱርቦ። ጢስ ከሌለ ወደ ነዳጁ ሂድ፦ ፊልትሮ፣ ታንከር፣ ፓምፕ፣ ኢንጀክተር። ሁሌም አይሠራም፣ ግን ቱርቦ ገዝተህ ከመክሰር ያድንሃል። ኮምፒውተር የምታስነብብ ከሆነም ቆመህ ኮድ ለማየት ብቻ ገንዘብ አትክፈል፤ እየነዳህ የግፊቱን ቁጥሮች የሚያሳይህ ሰው ፈልግ።

ክሩስኮት ላይ መብራት አለመኖሩን እንደ ማስረጃ ከመቁጠርህ በፊት ደግሞ ቁልፉን ስትከፍት የቼክና የዘይት መብራቶቹ መጀመሪያ መብራታቸውን እይ። ሳይበሩ የቀሩ እንደሆነ አንድ ሰው አጥፍቷቸዋል።

የቀረው

መኪናዋ አሁን መቂ ናት። የካሙን ቀበቶ (ባልቦላዎቹን ከሞተሩ ዙር ጋር የሚያስኬደውን) ወዲያው አስቀየርን፤ በዚህ ሞተር ላይ ሰንሰለት ሳይሆን ቀበቶ ነው፣ መቼ እንደተቀየረ ወረቀት አልነበረም፣ ከተበጠሰ ደግሞ ባልቦላና ፒስቶን ይጋጫሉ። ጋሼ የፊልትሮውን ውሃ ማፍሰስ ለሾፌራቸው አስተምረዋል፣ በርሜል ናፍጣም በጨርቅ እያጣሩ ነው የሚሞሉት፤ ጨርቁ ቆሻሻውን እንጂ ውሃውን ስለማይዝ ማፍሰሻውን እንዳይረሱ ደጋግሜ ነግሬያቸዋለሁ። አምስተኛ ማርሽ ላይ ስትጫን ከካምቢዮው የምትሰማ ቀጭን ድምፅ አለች፤ ኩሽኔታ ትመስለኛለች። ለእሷ ብቻ ካምቢዮ ማውረድ ስለማያዋጣ ፍሪሲዮኑ ሲያልቅ አብሮ ይታያል ብለን ትተናታል።